ከኋላ እየመጣ ነው

እኛ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ፍሬሽ ተማሪ «እኔ አልመጣም፤ ፈርምልኝ» ብሎ ካርዱን ለጓደኛው ሲሰጥ የሰማ ሰው፣ የበር ጥበቃውም ይሁን አትክልተኛው፣ አንዲት አባባል ጣል ሳያደርግበት አያልፍም። ልጆቹ ይስቃሉ። የሽማግሌ ምክር ትመስላቸዋለች። ምክር አይደለችም፤ ምስክርነት ናት። አባባሏ የወጣች ቀን እዚያው ቆሜ ነበር። አጣሞ የሚያወራው ስለበዛ ከእኔ ስሙ።

እኔ የወርክሾፑ ዕቃ አዳይ ነኝ። ዕቃ አዳይ ስላችሁ ግን በቁልፍ ብቻ እንዳትለኩኝ። በመብራት በሚዞረው ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ የተማርኩት በመስኮት እያየሁ ነው፤ ስሳሳት ያረመኝም አስተማሪ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ነው።

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ፣ የመጀመሪያ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ዲፓርትመንት ከመምረጣቸው በፊት የሦስት ቀን ጉብኝት አለ። ያመጣችው መምህርት ሉባባ ናት። «ሲቪል ማለት ቆብ፣ ኤሌክትሪካል ማለት ደመወዝ የሚመስላቸው ልጆች ሁለተኛ ዓመት ላይ ቢሮዬ መጥተው ያለቅሳሉ» ትላለች፤ «ሽታውን ሳታሸቱ አትግቡ።» ስለዚህ ስድስቱም ዲፓርትመንቶች በራቸውን ይከፍታሉ። ሲቪሎች ኮንክሪት እየሰበሩ ያሳያሉ፣ ኬሚካሎች ሳሙና ያፈላሉ፣ ኤሌክትሪካሎች ሞተር ፈትተው ይገጥማሉ። የተመረቁትም ተጠርተው ይመጡና የሥራቸውን ደግና ክፉ ሳይደብቁ ይናገራሉ። ተማሪው በየዲፓርትመንቱ ቤት መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ካርዱ ላይ ማህተም ይመታለታል። ስድስት ማህተም የያዘ ተማሪ የምርጫ ፎርም ይወስዳል። ያልያዘ በተረፈው ቦታ ይመደባል።

ሕግ ባለበት ደግሞ ተማሪ አለ። አንዱ ለሌላው መፈረም ከእንጀራ ቆርሶ እንደመስጠት ነው የሚቆጠረው።

በዚያ ዓመት ይትባረክ የሚባል ልጅ ነበር። በውጤት ከሁሉም አንደኛ፣ ይህንንም ሳይጠየቅ የሚናገር። አጎቱ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ኤሌክትሪካል ግባ፤ ሌላውን ዞረህ አትየው» ብሎታል። የዶርም ጓደኛው ገመቹ ግን ካልኩለስ የሚያንገዳግደው፣ እምቢ ማለት የማያውቅ ልጅ ነው። ውላቸውን በኋላ የነገረኝ ራሱ ገመቹ ነው።

«ስማ ገሜ፣ ስትዞር የእኔንም ካርድ ይዘህ ዙር» አለው ይትባረክ አልጋው ላይ እንደተጋደመ። «እኔ ወርክሺትህን እሠራልሃለሁ።»

«ሦስቱንም ቀን?»

«ሦስቱንም። ጭንቅላት አልጠየቅኩህ፤ እግርህን ብቻ አውሰኝ።»

«የት አለ ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ከኋላ እየመጣ ነው በላቸው።»

አምስቱ ቤት እንዲህ ታለፈ። ገመቹ ይፈርማል፣ «ከኋላ እየመጣ ነው» ይላል፣ ማህተሙ ይመታል። ስድስተኛውና የመጨረሻው ቤት የእኛ ነበር፤ ሜካኒካል።

የእኛን ቤት የሚያስጎበኘው ጋሽ ድንበሩ ነው። ቶርኖ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆሟል። እሱ ዘንድ በእስክሪብቶ አይፈረምም። እንግዳው ብረት ይነካል፣ ከዚያ ጥቁር ዘይት በነካው አውራ ጣቱ ከስሙ ጎን አሻራውን ያሳርፋል። «እጁን ያላቆሸሸ አልጎበኘም» ይላል። ያን ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ለሁሉም ሞረድ እያስያዘ ነበር የሚሸኛቸው።

ገመቹ ሞረዱን ያዘ፣ አሻራውን አሳረፈ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ካርድ ብቅ አደረገ።

«ይሄኛውስ የማን ነው?»

«የጓደኛዬ ነው ጋሼ። ከኋላ እየመጣ ነው።»

የጋሽ ድንበሩ እጅ መዝገቡ ላይ ቆመ። «አይቼዋለሁ የምትለው ሰው ነው ወይስ ስም ብቻ ነው ይዘህ የመጣኸው?»

«ይመጣል ጋሼ፤ እየመጣ ነው።»

«በሌለበት አትጥራው ልጄ። ስም የተጠራበት ቦታ ባዶውን አያድርም።»

እኔ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ ለማህተም ደግሞ ጠበል ልንረጭ ነው?»

አላየኝም። ስሙን ጻፈ፣ ማህተሙን መታ፣ የአሻራውን ቦታ ግን ባዶ ተወው። «ይህን ባለቤቱ ያመጣዋል» አለ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ለምሳ ሄደ። እኔ ዕቃ ልቆጥር ቀረሁ። በቀትር ወንዝ አይወረድም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ስለ ወርክሾፕ የነገረኝ ግን አልነበረም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ይንጣጣል። ቀና ስል በሩ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። ቀይ ሹራብ፣ ከበስተኋላው ፀሐይ።

«ማን ልበል?»

«ይትባረክ።»

«ከኋላ እየመጣ ያለው አንተ ነሃ!»

«ደረስኩ» አለ።

ጋዋን ሰጠሁት። ለበሰና ሳይጠይቀኝ ለእንግዳ ወደማናስነካው አሮጌው ቶርኖ ሄደ። ብረቱን አሰረ፣ መቁረጫውን አስጠጋ፣ ቶርኖው ዞረ። ቆሜ አየሁት። አልዋሽም፣ ቀናሁ። የእኔ እጅ በስንት ዓመት የለመደውን የእሱ እጅ ይዞት ተወልዷል። መዳፉ ደርቆ ጠጥሯል፣ የጥፍሮቹ ሥር ጠቁሯል። የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ወረደ። ግንበኞች በክር አንጠልጥለው ግድግዳ የሚያቀኑባትን ቱምቢ ነው የቀረጸው፤ ትንሽ፣ ሹል፣ እንከን የለሽ። ሲጨርስ መዝገቡ ላይ አስቀመጣት፣ አሻራውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈና ጋዋኑን እንደለበሰ ወጣ።

«ጋዋኑን!» ብዬ ስጮህ በሩ ላይ ማንም የለም።

ጋሽ ድንበሩ ከምሳ ሲመለስ ቱምቢዋን አነሳና እጁን አቃጠለችው። «በምን ሠራሻት?»

«እኔ አይደለሁም። ከኋላ እየመጣ ነው የተባለው ልጅ መጥቶ በቶርኖው ሠራት።»

«ስንዱ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «መብራት እኮ አልመጣም።»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ወደ ማብሪያው ሄጄ ተጫንኩት። አልበራም። ቶርኖውን በእጄ ነካሁት። ሙቅ ነው። መሬቱን አየሁ። ከቶርኖው ሥር ተነስቶ እስከ በሩ ድረስ የዘይት ጫማ ፈለግ ተቆጥሮ እንደተቀመጠ ሁሉ ተደርድሯል፤ ጫፎቹ ወደ ውጭ። በናፍጣ አጠብኩት፣ በመጋዝ ዱቄት አሸሁት። አልለቀቀም። ወደዚያ የመጣበት ፈለግ ደግሞ የለም።

በማግስቱ ፎርም ተወስዶ ተሞልቶ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የፎርሞቹ ሳጥን ይታሸጋል። አምስት ተኩል ሲል መምህርት ሉባባ ፋይል ታቅፋ ወርክሾፑ ገባች። ከኋላዋ ይትባረክ፣ ከእሱ ኋላ የሸሚዙ ኮሌታ የተቀደደ ገመቹ።

«ይህ ልጅ ዛሬ ፎርም ስጪኝ ብሎ መጣ» አለች ሉባባ። «ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ራሱ ሞልቶ እጄ ላይ አስቀምጦልኛል። ካርዱም እኔ ጋ ነው።»

«ካርዴ ይኸው!» አለ ይትባረክ ከኪሱ እያወጣ።

ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ፣ ስድስት ስድስት ማህተም። ፎርሙንም ዘረጋችው። ስድስት ረድፍ አለው፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ምርጫ በይትባረክ የእጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ ሜካኒካል፣ ሜካኒካል፣ ሜካኒካል…

«ይሄ ነው የሞላው!» ብሎ ይትባረክ ገመቹ ላይ ዞረ።

«በእናቴ እምላለሁ! እኔ የራሴን ነው የሞላሁት። ኬሚካል። የሳሙናው ነገር ስለገባኝ… አንተን አልነካሁም!»

ይትባረክ ወደ እኔ መጣ። «አንቺ፣ ዕቃ አዳይዋ፣ እኔን እዚህ አይተሽኛል?»

እጁን አየሁ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቅቤ የያዘ እንጂ ብረት የያዘ የማይመስል። «ፊትህን አይቻለሁ» አልኩት። «እጅህን ግን ዛሬ ነው የማየው። የትናንቱ ሰው እጅ ነበረው።»

ጋሽ ድንበሩ መዝገቡን ገለጠ። ዘይት በጨርቅ አስነክቶ አቀረበለት። «አውራ ጣትህን ከጎኑ አሳርፍ።»

አሳረፈ። በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ ጣቱን በአግድም ያቋርጠዋል። የትናንቱንም አሻራ በዚያው ቦታ ያቋርጠዋል። ሁለቱን ያየ ሰው አንዱን በመስተዋት ያየ ይመስለዋል።

መምህርት ሉባባ ሰዓቷን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማን ምን እንደሠራ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። እዚህ ቤት መጥተሃል ወይስ አልመጣህም? አልመጣሁም ካልክ ፎርሙ ያንተ አይደለም፣ አሁኑኑ እቀደዋለሁ። ማህተሙ ግን የሐሰት ነው፤ በተረፈው ቦታ ትመደባለህ፣ ስምህም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። መጥቻለሁ ካልክ ደግሞ ፎርሙ ያንተ ነው። አንዴ የተሰጠ አይመለስም።»

ይትባረክ ሲያሰላ አየሁት። ያ ልጅ ማስላት ያውቅበታል። በአንድ በኩል አጎቱና ሰሌዳው፣ አንደኛው ተማሪ አጭበረበረ ተብሎ። በሌላ በኩል አንዲት ቃል።

«ልጄ፣» አለው ጋሽ ድንበሩ፣ «አልመጣሁም በል። ሐፍረት በሁለት ሳምንት ይረሳል። በተረፈው ቦታም ብትገባ የምትገባው አንተ ነህ።»

እኔም ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ቤታችን መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ማንም እንዲህ እንዳይመስለው። ያቺን ፎርም ለእኔ የሰጠኝ ቢኖር አንድ ጣቴን ቆርጬ በሰጠሁ። ግን ሌላ ሰው የመረጠልህ ቤት ገነትም ቢሆን በሩን ከውስጥ አታገኘውም። ይህን ልነግረው ነበር። «ዕቃ አዳይዋ» ያለኝ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገመቹ እጅጌውን ጎተተው። «ይቱ፣ እውነቱን ንገራት። እኔም እቀጣ።»

ይትባረክ እጁን አስለቀቀ። አገጩን ቀና አድርጎ፣ «መጥቻለሁ» አለ።

ሉባባ ማህተሙን መታች። ጧ! ሳጥኑ ሳይታሸግ ልታደርሰው እየተቻኮለች ወጣች፤ እኛ አራታችን ቀረን። መብራት አሁንም የለም። ከወርክሾፑ ጥግ፣ አሮጌው ቶርኖ አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ፣ መሬቱን አየሁ። ናፍጣ ያልለቀቀው የዘይት ፈለግ እዚያው ነው፤ አንዱም ቦታውን አልለወጠም። ጫፎቹ ግን ዞረዋል። ትናንት ወደ በሩ ያዩ የነበሩት ሁሉ ወደ ቶርኖው ያያሉ።

የመጀመሪያው ፈለግ የይትባረክ እግር ሥር ነበር። ቁልቁል አየው። ቀኝ ጫማውን አነሳና አስቀመጠበት፤ ከዳር እስከ ዳር ገጠመ። ከዚያ ግራውን። ከዚያ ቀኙን።

«ይቱ!» ገመቹ ጮኸ። «ወዴት ነው?»

«እኔንጃ» አለ ልጁ ሳይዞር። ድምፁ የሚያለቅስ ሕፃን ድምፅ ነበር። «እኔ አይደለሁም… እግሬ ነው።»

አሥራ አንድ እርምጃ ቆጠርኩ። መጨረሻው ላይ፣ የቶርኖው እጀታ ላይ፣ ትናንት ይዞት የወጣው ጋዋን ተንጠልጥሏል፤ ክርኑ የሠላሳ ዓመት ልብስ ያህል ተበልቷል። ለበሰው። ልክ ሆነለት። እጁን ኪሱ ከተተና ቱምቢዋን አወጣ። ከትናንት ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌባት ነበር፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ጋሽ ድንበሩ ቆቡን ከራሱ አወለቀ፣ መዝገቡን ዘጋ፣ በገመቹ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገና፣ ለእሱ ይሁን ለእኔ ወይም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ይሁን እንጃ፣ እንዲህ አለ፦ «በሰው እጅ የፈረመ፣ በገዛ እግሩ ይሄዳል።»