አህዪት ያስገለበጠችው ኮት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ቢሮ መግባት በጀመሩበት ዘመን፣ አንዲት ወጣት አህያ ነበረች። ቢሮ ገብተው ምን ይሠሩ ነበር ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔ ከበር አልፌ አላየሁም። ብቻ ይገቡ ነበር።

አህዪት ከአምስት ወንድሞች መሃል ያደገች ናት። ቦይ ሲዘሉ ትዘላለች፣ ጆንያ ሲሸከሙ ትሸከማለች፣ ያጠራቸውን ሱሪ ትወርሳለች። ሰፈሩ ወንዳወንድ ይላታል። እሷ ሱሪው ስለተመቻት ዝም ብላ ትስቃለች። አንድ ልማድ ግን ነበራት፤ ያየችውን ሁሉ ለምን ብላ ትጠይቃለች። እናቷም የዚች ልጅ ጆሮ የረዘመው መልስ ሲጠብቅ ነው ትል ነበር።

ይህች አህያ በአንበሳ መዝገብ ቤት ሥራ አገኘች። በመሰላል ወጥቶ የውሃ ተራ የተጻፈበትን ትልልቅ መዝገብ ማውረድ፣ መሸከም፣ መልሶ መስቀል ነው ሥራው። ልክ ለእሷ የተፈጠረ አይመስላችሁም? አንድ ወር ትሞከራለች፤ ደህና ከሠራች አንበሳ ይፈርምላታል። ካልሆነ የሚቀራት የጨው ጭነት ነው። የጨው ጭነት ደግሞ የአባቷን ጀርባ ልጦ ልጦ ፀጉር እንዳያበቅል አድርጎት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በወንድሟ ሹራብ ስትመጣ በረኛው አያ ጅቦ አስቆማት። ደንቡ ወንድ የወንድ፣ ሴትም የሴት የቢሮ ልብስ ትልበስ ይላል አላት። ሱሪስ ይፈቀዳል ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰጎን ለብሳ ስትገባ አይቷልና ይፈቀዳል። ኮትስ? ኮት የሴት መሆን አለበት። የሴት ኮት በምን ይታወቃል ስትለው ግን አያ ጅቦ ራሱን አከከ፤ አስቦትም አያውቅ። እስከ ሰኞ ሳምንት ቀን ሰጣትና በሩ አጠገብ ወዳለው የእመት ቀበሮ ሱቅ ጠቆማት።

እመት ቀበሮ ጠባብ ጉርድ ቀሚስ አለበሰቻት። ታኮ ጫማም አመጣች፤ አራት እግር አለሽ ብላ ሁለት ጥንድ። አህዪት መስታወቱን አየች፤ አልከፋም። ቀጥላ የሱቁን መሰላል አስጠጋችና ልትወጣ ሞከረች። አንደኛው እርከን ላይ ቀሚሱ ጉልበቷን ይዞ አስቀራት። ወረደችና ጎንና ጎኑን ዳበሰች።

«ኪሱስ የት ነው?»

«ሴት ኪስ ምን ያደርግላታል፣ የኔ ቆንጆ? ቦርሳ ትይዣለሽ እንጂ» አለች ቀበሮ። ቦርሳውም ለካ ከጎን ተሰቅሏል፤ የቆዳ ነው።

«ቦርሳውን ከያዝኩ መሰላሉን በምን እይዛለሁ?»

ቀበሮ ቶሎ ብላ ዋጋውን ነገረቻት። ገና ያልተቀበለችውን የወር ደመወዝ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። አህዪት አመስግና፣ ቀሚሱን እንደነበረው አጥፋ ወጣች።

ቅዳሜ ሰልቫጅ ተራ ወረደች። እዚያ ልብሱ መሬት ላይ ተከምሮ ነው የሚመረጠው፤ ታውቁታላችሁ። እሷ ያነሳችውን ሁሉ ለብሳ ቁጢጥ ትላለች፣ ታጎነብሳለች፣ የፊት እግሯን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች። ሻጩ ፍየል ልትለብሺው ነው ወይስ ልትጨፍሪበት ብሎ ሳቀባት። ስቆባት ሲያበቃ ሁለት ሱሪ መርጣለች፣ ግራጫና ጥቁር። ከሁለቱም ጋር የሚሄዱ ሦስት ሸሚዞችም ጨመረች፤ እያቀያየሩ ቢለብሷቸው ሳምንቱን ይሸፍናሉ። ጫማ አልገዛችም፤ ኮቴዋን አስሞረደች።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ የወንድ ኮት አየች። ትከሻው ሰፊ፣ ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ጀርባውን ግን ፀሐይ በልቶት ነጣ ብሏል። በርካሽ ወሰደችውና ወደ ልብስ ሰፊው ወደ አያ ኤሊ ሄደች። አያ ኤሊ ራሱ ከተወለደ ጀምሮ የለበሰው ያንኑ አንድ ልብስ ነው፤ የሌላውን ግን ሲሰፋ እጁ ወርቅ ነው።

ኮቱን ብርሃን ላይ ዘርግቶ የውስጡን ገልጦ አሳያት። ፀሐይ ያላየው የውስጥ ጨርቅ እንደ አዲስ ነበር። ስፌቱን ሁሉ ልፍታውና ልገልብጥልሽ፤ ውስጡ ውጭ፣ ውጩ ውስጥ ይሆናል አላት።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ልጄ። ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ይሆናል። አዝራሩ ወደ ግራ ይዞራል፣ የደረት ኪሱም ወደ ቀኝ። የአዝራሩን ቀዳዳ ደፍኜ ልመልሰው ካልሽ ሌላ ድካም ነው።»

«ኪሱ ይኑር እንጂ በየትም ይሁን» አለች አህዪት። ቀጥላም እንዲህ ያለ ኮት ሌላ ማን ለብሶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ኧረ ስንቱን ትልቅ ኮት ገልብጫለሁ።»

«የማንን?»

ኤሊ አንገቱን ወደ ቤቱ መለሰ። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልወጣም።

በቀጠሮው ሰኞ አህዪት በአዲሱ ኮት ስትመጣ አያ ጅቦ ከላይ እስከ ታች አያትና የሴት ይሁን የወንድ መለየት ስላቃተው አሳለፋት። ሥራውንም እንዴት ሠራችው መሰላችሁ! እርሳሱ በአንዱ ኪስ፣ ቁልፉ በሌላው፤ መሰላሉን እንደ ሜዳ ትሮጥበታለች። ወሩ ሳያልቅ በግና ዶሮ ከየት ገዛሽው እያሉ ይጠይቋት ጀመር፣ ቅዳሜም አብረዋት ገበያ ወረዱ። የእመት ቀበሮ ታኮ ጫማዎች አቧራ ጠጡ።

ቀበሮ ዝም ብላ የምታይ አይደለችም። ገበያ ሄዳ ፍየልን አወጣጣችውና ኮቱ የወንድ መሆኑን ሰማች። ይህን ከሰማች ወዲህ ኮቱን ቀርባ ማየት እንኳ አላስፈለጋትም። በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ሄደች። አዝራሩ በለባሹ ቀኝ ከሆነ የወንድ፣ በግራ ከሆነ የሴት መሆኑን አስጠናችው፤ አንበሳ ፊት ከተናገረም ያንን የቆዳ ቦርሳ እንደምትሰጠው ቃል ገባች። ጅብና ቆዳ እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምራቁ አላቋረጠም።

የሙከራው ወር ያለቀ ዕለት አንበሳ ሊፈርምላት ብዕሩን ሲያነሳ ሁለቱ ገቡ። ቀበሮ ይህች አህያ የወንድ ኮት ለብሳ ለሳምንታት በጌታችን በር ስታልፍ ከርማለች ብላ ከሰሰች።

«እውነት ነው?» አለ አንበሳ።

አህዪት የጨው ጭነቱ ጀርባዋ ላይ ያረፈ መሰላት። መዋሸት ግን አልሆነላትም።

«ስገዛው የወንድ ነበር፣ ጌታዬ።»

ቀበሮ ፈገግ ብላ አያ ጅቦን ገፋ አደረገችው። እሱም ከአህዪት ጎን ቆሞ አዝራሩን አሸተተ።

«በግራ ነው» አለ።

«ደህና አድርገህ እይ እንጂ» አለችው ቀበሮ ጥርሷን ነክሳ።

ጅብ ግራና ቀኙ የተምታታበት መሰለው። ከሌላ ጋር ላመሳክር ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። በዚያ ክፍል ወንድነቱ የማያጠራጥር አንድ ብቻ ነበር። ጠጋ ብሎ የአንበሳን ኮት አየ፣ ደግሞ አየ።

«የጌታዬም በግራ ነው» አለ። «እንግዲህ በደንቡ ከሄድን ነገ ጌታዬን አላስገባም።»

አንበሳ አጎንብሶ የገዛ ደረቱን አየ፤ ከአባቱ የወረሰው ኮት ነው፣ የደረት ኪሱ እንደ ተገለበጠ ኮት ሁሉ በቀኝ በኩል። አህዪት ይህን ኪስ ገና ሥራ የገባች ዕለት አይታው ነበር። በዕድሜዋ አይታ ለምን ያላለችው ነገር እሱ ብቻ ነው።

አሁን ግን ጠየቀች።

«ጌታዬ፣ ይህ ኮት አያ ኤሊ ቤት ሲገባ የወንድ ነበር፣ ሲወጣ የሴት ሆነ። እኔ ግን ያችው ነኝ፣ መሰላሉም ያው ነው። ታዲያ ደንቡ የሚጠብቀው ምኑን ነው?»

አንበሳ የገዛ ኮቱን አዝራር ዳበሰ።

«ይመችሻል?» አላት።

«ይመቸኛል፣ ጌታዬ።»

«የእኔም ይመቸኛል» አለና ፈረመ። የበሩን ደንብ ደግሞ በዚያው ብዕር ሰረዘው።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞሮ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እመት ቀበሮ፣ ቦርሳዬስ?» አለ። ቀበሮ በየት በኩል እንደወጣች ያየ የለም። በሳምንቱ ግን ጉርድ ቀሚሶቿን አስፍታ፣ ኪስ አስተክላ አወጣች አሉ። ቀበሮ አይደለች፤ እሱንም ሸጠችው።

ከዚህ የምንማረው የሥራ ልብስ ልክነቱ የሚታወቀው ለብሰው ሲሠሩበት እንጂ በር ላይ ቆመው ሲያዩት አለመሆኑን ነው።