የቅል ሻጯ ፈገግታ

ተረት ተረት ብል ማን ይመልስልኛል?

— የመሠረት!

እሰይ። እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ።

በድሮ ዘመን ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ጎበዝ አራሽ ነው፤ ክፉም አይደል። ነገር ግን እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት ከአራት ወንድሞቹ ጋር ነው የሚኖር። እነሱ ደግሞ ሲነጋ «በሬ ጥመድ»፣ ሲመሽ «በር ዝጋ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም። እንዴት አደርክ ያለው ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣና የሻረግ ከምትባል ቅል ሻጭ ዘንድ ደረሰ። የሻረግ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ ልጅ ናት። ወንድሜ ደህና ከረምክ አለችው፤ አዝመራው እንዴት ነው አለችው፤ አለችውና ፈገግ አለች። ቢያድግልኝ የወተት ቅል ገዛና መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ቤቱ ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ገዛ። ከዚያም በሚቀጥለው። ላም የለውም፤ የወተት ቅል ግን ሰባት አለው።

በስምንተኛው ሳምንት ልቡ ሞላና ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም ለአባቷ ለአያ ፈረደ፦

— ልጆቹስ ተዋደዋል፤ እኛ የመጣነው ለወጉ ነው፤ አሏቸው።

አያ ፈረደ ደነገጡ። ልጃቸውን ጠርተው ጠየቋት። እሷ የሰውየውን መልክ እንኳ በቅጡ አላስታወሰችም። አባቷ ግን አላመኗትም። ሳቅሽ ነው ያዋረደን አሉና ገበያ እንዳትወጣ ከለከሏት። የሻረግ አለቀሰች። ቅሉን ተክላ፣ ፍቃ፣ አጥና የምታደርሰው እሷ ናት፤ ገበያውም ደስታዋ ነው። ከዚያም እንባዋን ጠረገችና፦

— አባባ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ያ ሰውም ይምጣና ከእርስዎ ጋር ከኋላዬ ይቀመጥ፤ አለቻቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ቢያድግልኝ ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ መጣና ከአያ ፈረደ ጎን ተቀመጠ። የሻረግም ሥራዋን ጀመረች።

አንድ ጨው ነጋዴ መጣ። ስለ መንገዱ ጠየቀችውና ፈገግ አለችለት። ነጋዴው ቅሉን ይዞ ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያም ዞር ብሎ አያትና ጢሙን አሻሸ። አንጥረኛ መጣ። ስለ እጁ ቁስል ጠየቀችው። እሱም ሲሄድ ደረቱን ነፋ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ መጡ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት አለቻቸው። እሳቸውም ምርኩዛቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እንደ ጎረምሳ ተራመዱ።

ከዚያም አንዲት ባልቴት መጡ። ያችኑ ፈገግታ ተቀበሉ፤ ተባረኪ ብለው ቅላቸውን ይዘው ሄዱ። ዞረውም አላዩ።

ቢያድግልኝ ነገሩ ገባው። ፈገግታው አንድ ነው፤ ጢም የሚያሻሸው ግን ወንዱ ነው። መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ የሽማግሌው አረማመድ ትዝ አለውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያ ፈረደም ሳቁ። የሻረግ ዞር ብላ ስታያቸው እሷም ሳቀች። ቢያድግልኝ ሳቁ ሲበርድለት፦

— የሻረግ፣ ይቅር በይኝ። ሰላምታ ተርቤ ኖሬ፣ ብታቀምሺኝ ልብሽን የሰጠሽኝ መሰለኝ፤ አላት።

— ልቤን የምሰጠው ሰው ሲገኝ በአፌ እነግረዋለሁ። ሰላምታዬን ግን እንካ፤ እሱ አያልቅም፤ አለችው።

አያ ፈረደም ጥፋቱ የኔ ነው አሉና ልጃቸውን ይቅርታ ጠየቁ። እሷም እስክታገባ፣ ካገባችም በኋላ እየሳቀች ገበያዋን ወጣች።

ቢያድግልኝ ግን ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ወንድሞቹን፦

— እንዴት ዋላችሁ? አላቸው።

አራቱም ደንግጠው ተያዩ። ታላቁ ተነሣና ግንባሩን ዳሰሰው፤ ያመመው መስሎት። በማግስቱም ጠየቃቸው። በሦስተኛው ቀን ትንሹ፦

— ደህና ነኝ፤ አንተስ? አለው።

ቢያድግልኝም ቁጭ ብሎ የዋለበትን አንድ በአንድ ነገረው።

ተረቴን በልባችሁ አግቡ፣ እኔን ግን ገንፎ መግቡ።