ጥናት የተነበበላት ላም

ሹመት ሲገኝ አድማጭ አይጠፋም፤ ዶክተር ልሳነወርቅ ግን የከብት ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ ሰው አልበቃቸው አለ።

በጣቢያው ቦራ የምትባል ላም ነበረች። አላቢዋ ደግሞ «ቦራዬ፣ የኔ እመቤት» እያለች ካላሞገሰቻት ጡቷን አትነካም። ዶክተሩ ይህን ሰሙና ተቆጡ።

«ሙገሳ ሳይንስ አይደለም! ከዛሬ ጀምሮ ላሟ የምትሰማው ስለ ወተት ምርት የጻፍኩትን ጥናት ነው።»

ጠዋት ማታ በረት እየገቡ፣ መነጽራቸውን ሰክተው ራሳቸው ያነቡላት ጀመር። አላቢዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

በቀን ስምንት ሊትር ትታለብ የነበረችው ቦራ በወሩ ነጠፈች። የነጠፈችውም ዶክተሩ ውጤታቸውን ሊያሳዩ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ጠርተው ባመጡበት ዕለት ነው። ዶክተሩን ላብ አጠመቃቸውና አላቢዋ ላይ ጮኹ።

«ወተቱን ሰርቀሽ ነው! ካልሰረቅሽማ ጥናቴን ከዳር እስከ ዳር የሰማች ላም እንዴት ትነጥፋለች? እዚሁ እንግዶቹ ፊት አስረጂ፤ አለዚያ ከሥራሽ ተባረሻል!»

ሴትዮዋ ባዶውን ባልዲ አስቀምጣ እጅ ነሳች።

«ክቡር ዶክተር፣ ቦራ ድሮ ላም ነበረች። እርስዎ ወር ሙሉ አስተምረው ተመራማሪ አደረጓት። ተመራማሪ ስለ ወተት ያወራል እንጂ፣ እስቲ ታልቦ የሚያውቅ የትኛው ነው?»