ለብረት በር ዋስ የሆነው አንበሳ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ አፋችሁን ከቆሎው አሳርፉና ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ከተማ መሀል አንድ ያረጀ የአራዊት ማቆያ ነበር። ግንቡ የተላላጠ፣ ውኃው የሸተተ። አንበሳው ጎፈሩ ሳስቶ፣ እንደ ልቡ መንጎራደጃ እንኳ አልነበረውም።

አንድ ቀን፣ «ማቆያው ይዘጋል፤ አራዊቱ ዛፍና ሰፊ ሜዳ ወዳለበት ይሄዳሉ» ተባለ። ሁሉም ከየቤታቸው ወጡ። የአንበሳው የብረት በር ግን አልከፈትም አለ። ቁልፉ ዞረ፤ በሩ አልተነቃነቀም። ሠራተኞቹም፣ «እስከ ማታ ካልተከፈተ አንበሳው እዚሁ ይቀራል» አሉ።

አራዊቱ ወደ በሩ ሽማግሌ ላኩ። መጀመሪያ አያ ዝንጀሮ ሄደ።

«አንተ ዝገታም፣ ክፈት ብለናል።»

«ሽማግሌው እንዲህ ከተሳደበ ዱርዬው ምን ሊል ነው? አልከፍትም።»

ቀጥላ እመት ሰጎን ሄደች።

«የኔ ጌታ፣ አንተን የመሰለ በር በአገሩ የለም እኮ።»

«አንቺ የምታወሪው ከአንገት በላይ ነው፤ አንገትሽ ደግሞ ረጅም ነው። አልከፍትም።»

በሦስተኛው አባ ኤሊ እየተጎተቱ ደረሱ።

«ይቀመጡ አባ» አለ በሩ።

«ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እኔ ብቆምም ብቀመጥም ያው ነኝ፤ ግን ቆሟል በልልኝ። ልጄ፣ ምን ፈርተህ ነው?»

 በሩም፣ «እናንተ ወደ ዛፉ ትሄዳላችሁ። እኔን ቆራሌው ይወስደኝና እሳት ውስጥ እቀልጣለሁ። ይህን የጠየቀኝ የለም» አለ።

አባ ኤሊ ወደ አንበሳው ዞሩ። «ዋስ ትሆነዋለህ?»

አንበሳው አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ የተዘጋበት በዚህ በር ነው። «የዘጋብኝስ ሰው ነው፤ እሱ ምን ያድርግ» አለ። «ዋስ ነኝ። ጥዬው አልሄድም።»

በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ። ማጠፊያው አርጅቶ ነበርና ተነቅሎ ወደቀ። ሠራተኞቹ ቆራሌው ይጠራ ሲሉ፣ አንበሳው ሄዶ በሩ ላይ ተኛ። በሥጋ አባበሉት፤ አልተነሣም። ውኃ ረጩበት፤ አልተነሣም። በዱላ ሊነኩት አሰቡና፣ ጥርሱን አይተው ተዉት።

«እንግዲያው ከነ በሩ ጫኑት» ተባለ።

አንበሳው ዛሬ ዛፍ ሥር ተንጋሎ ያንቀላፋል። በሩም አልቀለጠም፤ ጎብኚ የሚቆምበት አጥር ሆኗል። አሁን ከብረቱ ኋላ የሚቆመው ሰው ነው፤ ይልመደው።

የኔ ተረት ይኸው ነው፤ እናንተ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የፈራ በር በግፊያ አይከፈትም፤ ዋስ ይጠሩለታል እንጂ።