ሳጥን ውስጥ የቀረው ጋቢ

አንዲት እናት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ስብከቱን ትታችሁ ዞር ዞር እያላችሁ እሷን ትፈልጋላችሁ። አውቃችኋለሁ።

ይህች እናት ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቁ ደርበው ይባላል። «ሠርቼ ቤታችንን ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ» ብሎ በበረሃ በኩል ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው። ደርሷል ያለ የለም፤ ሞቷል ያለም የለም። ለሞተ ሰው ተለቅሶ እርም ይወጣል። ያልመጣና ያልሞተ ልጅስ? እሱ በየቀኑ ነው የሚሞተው፣ ወገኖቼ።

በገዛ እጇ ፈትላ ያሠራችለት ጋቢ ነበር። ሳይለብሰው ሄደ። እሷም አጣጥፋ ከሳጥን ከተተችው፤ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ሲመጣ ልታለብሰው ነው።

ታናሿ አንጓች ትባላለች። አንጓች ከቤት ቀረች። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ እናቷን ወገቧን ሲያማት የምታሻት እሷ ናት። እሷን ማን ያነሳታል? በቤት ያለ ሰው አይነሳም።

አምና ደላላ ለአንጓችም መጣ። «አረብ አገር ላድርስሽ» አላት። ልጅቱ መሄድ አልፈለገችም። «እስከ ገና ጠብቀኝ» አለችው። ለምን እስከ ገና? ክረምቱ እንደወጣ ከጓሮው ድንጋይ ለቅማ፣ ፍግና አመድ በትና፣ አንድ መደብ ድንች ተክላ ነበር። ከያዘላት ግማሹ ለጾሙ ወጥ ይሆናል፤ ግማሹን ለዘር አስቀርታ በበጋው ጓሮውን በሙሉ ታለማለች፤ እዚሁ እናቷ ዘንድ ትኖራለች። ይህን ወሰነች። ጠዋት ጠዋት ከወንዝ በጄሪካን እየቀዳች ስታጠጣ፣ ጎረቤቶች «አንጓች፣ ድንቹን ልትድሪው ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

ድንቹ ያዘ። በኅዳር መግቢያ እምቡጥ ቋጠረ።

ደጋ ያደጋችሁ የኅዳርን የውርጭ ጠባይ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ወደ ማታ ነፋሱ ቀጥ አለ። ሰማዩ ጥርት አለ፤ ቁራጭ ደመና የለበትም። ጎረቤታቸው ሽማግሌው አያ ሙጨ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንቺ ልጅ፣ ነገ አመዳይ ነው! ያገኘሽውን አልብሺው!» አሏት።

ምን ታልብሰው? ጭዱን ላማቸው ጨርሳዋለች። ጎረቤትም ያለችውን ጭድ የየራሱ ጓሮ ላይ እየበተነ ነው።

ሮጣ ገባች። «እማ፣ የደርበውን ጋቢ ስጪኝ። ለዛሬ ብቻ። መደቡን ልክክ አድርጎ ይሸፍንልኛል። ነገ አጥቤ፣ አጣጥፌ እመልሰዋለሁ።»

እናት አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። «የወንድምሽን ጋቢ ጭቃ ላይ? ሲመጣ ምን ላልብሰው?»

«ድንቹ ከሞተ እኔም እኮ መሄዴ ነው፣ እማ።»

«አንቺማ አለሽ» አለቻት። «የት ትሄጃለሽ?»

ክፉ ሴት ናት? አይደለችም። አትፍረዱባት። ያንን ጋቢ ጭቃ ላይ ማንጠፍ፣ ለእሷ ልጇን በገዛ እጇ መቅበር ነበር። ያን ማታ ግን ሁለት ልጆች እንዳሏት ረሳች።

አንጓች ሁለተኛ አልጠየቀችም። የለበሰቻትን ነጠላ ገፍፋ ወጣች። ነጠላ አመዳይ ይመልሳል? የመደቡን አንድ ጥግ ሸፍና፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ገብታ ተኛች።

ጠዋት ጓሮው ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጣ። ፀሐይ ሲያርፍበት ነጩ ጠፋ፤ ድንቹም ጠቆረ። ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ መሬት ላይ ተኛ። አንጓች ነጠላዋን አንስታ አራገፈችና ለበሰችው።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሏት አያ ሙጨ። «ድንች ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ታገሺ።»

«አውቃለሁ፣ አያ» አለች። «ድንቹማ ያቆጠቁጣል።»

ሳምንት ሳይሞላ አንጓች ላከችበትና ደላላው መጣ። እናት እግሯ ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ አትሂጂ፤ አንቺን አጥቼ ማንን ይዤ ልቀመጥ?» እያለች ለመነቻት። ልጅቱ ምን አለቻት መሰላችሁ? በቁጣ አልነበረም፤ ጉንጯን ስማ ነው ያለቻት።

«እማ፣ በዚህ ቤት የሚጠበቀው የሄደ ሰው ነው። እኔንም ጠብቂኝ።»

ማለዳው ይቆርጣል። ልጅቱ በዚያች በሳሳች ነጠላ ደጅ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ያን ጊዜ የእናት እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ቁልፉን በጠሰችው፤ ሳጥኑን ከፈተች፤ ጋቢውን አውጥታ አንጓችን ልታለብሳት ዘረጋችው።

አይጥ በሳጥኑ ሥር ቀድዳ ገብታ ወልዳበታለች። ብል በላው እንድላችሁ ጠብቃችሁ ነበር፤ ብል አይደለም፣ አይጥ ናት። ከላይ ሲያዩት ነጭ ነው፤ ውስጡ ወንፊት ሆኗል። እናቲቱ በተዘረጋው ጋቢ ቀዳዳ አሻግራ የአንጓችን ጫማ አየች።

አንጓች በነጠላዋ ሄደች።

በታኅሣሥ ድንቹ አቆጠቆጠ። ያቺ እናት ማታ ማታ ትወጣና የተበሳሳውን ጋቢ በመደቡ ላይ ትዘረጋለች። አያ ሙጨ «ዛሬ እኮ ደመና ነው፤ አመዳይ የለም» ይሏታል። አትሰማቸውም። ገና መጣ፤ ደርበው አልመጣም። አንጓችም እስከ ዛሬ ድምጿ አልተሰማም። ድንቹ በመሬት ውስጥ በስብሶ ቀረ፤ ማን ይቆፍረው?

ላጽናናችሁ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ለዚህች እናት የሚሆን የማጽናኛ ቃል አጥቼ ነው ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት። እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። እሷ ደጅ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል።

እናንተስ? ሳጥናችሁ ውስጥ ያለው ለማን ነው? ያ መልካም ቃል፣ ያ ይቅርታ፣ ያ «አይዞሽ» ለማን ተቀመጠ? አንተ፣ ሚስትህን «እሷማ አለች» ብለህ አይደለም ወይ ፊቷን ካየህ ዓመት የሞላህ? እንግዳ ሲመጣ የምትስቂው አንቺስ፣ ከጓዳሽ ላለው ልጅ ምን አስቀረሽለት? በሰው አልፍረድ፤ እኔ ራሴ እናቴን «አለች፣ አለች» ስል ነው የቀበርኳት።

ያለ ሰው አለ እየተባለ ያልቃል፣ ወገኖቼ። ውርጭም የሚመታው ያለውን ነው፤ የሌለውን ምን ይመታዋል?

አሁን ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ስትወጡ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ነፋሱ ቆሟል፣ ሰማዩም ጠርቷል። ቁልፉ አንገታችሁ ላይ ነው። ሳይመሽ ግቡና ክፈቱት።