ሼኽ ጠሃ ያላነበቡት ወረቀት

ግንቧ በፈራረሰ፣ መስጂዷ ግን ባልደበዘዘ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሼኽ ጠሃ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። የመስገጃ ሰሌን እየሠሩ የሚተዳደሩ፣ ቁርኣንን በቃላቸው የሐፈዙ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከነባሏ በወረርሽኝ ስትሞት ሰዓዳ የምትባል የስድስት ዓመት የቲም የልጅ ልጅ በእጃቸው ቀረች።

ሦስት ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያ አንድ ጧት ከቃዲው ዘንድ መጥሪያ መጣ። የልጅቷ አጎት፣ የአባቷ ወንድም ይማም «አያቷ ጃጅተዋልና ልጅቱ ለእኔ ትሰጠኝ» ብሎ ከሷል። ይማም እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዓዳን በልታ ይሆን፣ ታማ ይሆን ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ያማለለው ከአባቷ የወረሰችው ቦታ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ይማም አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ይዟል፤ ሼኹ ጠበቃ የሚይዙበት አቅም የላቸውም። ከዚህ ይልቅ ግን ሌላ የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር። ከዓመት ወዲህ ዓይናቸው ጨልሟል። ሰሌኑን ጣታቸው፣ የመስጂዱን መንገድም እግራቸው ስለሚያውቀው ከጎረቤታቸው ከእመት ዘሃራ በቀር ማንም አልነቃባቸውም።

የክሱን መልስ፣ ምሥጢራቸውን የነገሩት ማመልከቻ ጻፊ ጻፈላቸው። በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ደጋግሞ አነበበላቸውና «ሼኽ፣ ስለ ዓይንዎ ካልጠየቁዎት አያንሡ። ጠበቃ የሌለውን ሰው የሚጥለው ያልተጠየቀውን መመለስ ነው» ብሎ መከራቸው።

በቀጠሮው ቀን የእመት ዘሃራን ክንድ ይዘው ገቡ። ጠበቃው «ክቡር ቃዲ፣ እኚህ ሰው ራሳቸው ጧሪ የሚሹ ናቸው» ሲል ሰሙ። ቀጥሎ የቃዲው ድምፅ መጣ፦ «ሼኽ ጠሃ፣ መልስዎን ያንብቡ።»

ወረቀቱ በእጃቸው ላይ ይርገፈገፍ ነበር። ከቢስሚላህ ጀምረው አንድ ቃል ሳይስቱ ተወጡት።

«ጃጅተዋል ነው የምትለው?» አሉ ቃዲው ጠበቃውን። «ያለ መነጽር ሲያነቡ አላየህም? ይህንኑ እመዘግባለሁ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ሼኹ ይሰማቸዋል። ዝም ቢሉ ሰዓዳ ቀረችላቸው። ቢናገሩ፣ ምናልባት ዛሬውኑ ወደ ማታውቀው ቤት ትወሰዳለች። በልባቸው «ያ ረቢ፣ እሷን አትውሰድብኝ» አሉ፤ ብዕሩ ግን አላቆመም።

«ክቡር ቃዲ... ብዕርዎን ያቆዩልኝ» አሉ በተቆራረጠ ድምፅ። «አላነበብኩም። በቃሌ ነው ያልኩት። ዓይኔ ካላየ ዓመት ሆኖታል።»

ችሎቱ ተንጫጫ። ጠበቃው «ይኸው! በገዛ አፋቸው!» ብሎ ጮኸ።

«ተቀመጥ!» አሉት ቃዲው። ከዚያ «ከሳምንት በኋላ ውሳኔ እሰጣለሁ» ብቻ አሉ።

ያ ሳምንት ለሼኹ ዓመት ሆነባቸው። በር በተንኳኳ ቁጥር ልጅቷን ሊወስዱ የመጡ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር። የሰዓዳን ልብሶች እየዳሰሱ አጣጥፈው በአንድ ቋጠሮ አሰሩ፤ መልሰው ፈቱት፤ ደግመው አሰሩት። በመሃል ቃዲው የላኳት አንዲት ሴት ሳይታሰብ መጥታ፣ ልጅቷ ስትበላና ቁርኣን ስትቀራ አይታ፣ እመት ዘሃራን አነጋግራ ሄደች።

በቀኑ ቃዲው እንዲህ ፈረዱ፦ «ሳይጠየቅ በራሱ ላይ የመሰከረን ሰው በሌላው ነገር አልጠረጥረውም። ሰዓዳ ከአያቷ ጋር ትኖራለች፤ እመት ዘሃራ ደግሞ አብራ ታሳድጋት። ቦታዋን ለአካለ መጠን እስክትደርስ ፍርድ ቤቱ በአማና ይይዘዋል።» ይማም የቦታውን ነገር ሲሰማ ይግባኝ እንኳ አልጠየቀም።

ማመልከቻ ጻፊው በር ላይ ጠብቆ «ሼኽ፣ እንዲያው ቢያጧትስ ኖሮ?» አላቸው።

«ልጄ፣ በውሸት ይዣት "አትዋሺ" የምላት በምን አፌ ነው?» አሉት።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ሳወራ አንዳንዱ «ሼኹ ደፋር ነበሩ» ይለኛል። አልነበሩም። ሐቁን የተናገሩት እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ከተናገሩም በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ፈርተዋል። ኢማን ፍርሃትን ከሰው ላይ እንደ አቧራ አራግፎ አይጥለውም። ሰው የሚወደውን እንዳያጣ ይፈራል፤ አላህ ይህን ያውቃል። የሚጠይቀንም ስለ ጉልበታችን መብረክረክ ሳይሆን ስለ ምላሳችን ነው። በየችሎቱ ብቻችንን ስንቆም፣ ጌታዬ እየፈራን እንኳ ሐቅ ለመናገር ይወፍቀን፣ ያግዘን።