የኃላፊው ኮምፒውተር ለምን ጋለ

በአንድ ቆላ ከተማ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የአቶ ደርሰህ ኮምፒውተር እየጋለ ድርግም ይል ጀመር። ጠጋኙ መጥቶ ከፈተውና፣ «ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ነው የሚግለው። ይቺ ማቀዝቀዣ አልቻለችውም፤ ጠንከር ባለ ትቀየር» አለ።

አቶ ደርሰህ ግን ጥፋተኛ ነበር የፈለጉት። የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠሩና፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ «በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልሽ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ!» አሏት።

«ኧረ በጭራሽ፣ ጌታዬ! ሙቀት ነው ተባለ እኮ።»

«የምን ሙቀት? እኔና እሱ ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ነው የምንውለው። ታዲያ እሱ እንዲህ ሲግል እኔ ለምን አልግልም? በይ መልሺ! ካልመለስሽ ዛሬውኑ ተባረሻል።»

ሴትዮዋ አንዴ ኮምፒውተሩን፣ አንዴ ኃላፊውን አየች።

«እሱማ ሲሠራ ነው የሚውለው፣ ጌታዬ።»

ጠጋኙ ሳቁን ሊደብቅ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ሌላው ወደ ግድግዳው ዞረ። አቶ ደርሰህ ሊያባርሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ቢያባርሯት ምክንያቱን ሊናገሩ ነው። መልሰው ዘጉት።